የሪፖርት ሶፍትዌር ሎግ ፋይሎች የት ናቸው? እንዴትስ ይበራሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሪፖርት ሲበላሽ ግምት አይጠፋም። አንዱ ኔትወርክ ነው ይላል። ሌላው ዳታቤዙን ይጠረጥራል። ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራት የሚቀናውም አለ። ሎጉን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሠራውንና የገጠመውን የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ከፍቶ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። የሪፖርት ችግር ሥሩ የሚገኘው ሎጉ ላይ ነው። እነዚህ ጥያቄዎች በሥራ ላይ ደጋግመው የገጠሙኝ ናቸው።

የፎልደሮችንና የሴቲንጎችን ስም እንደ አነባበባቸው በአማርኛ ጽፌያቸዋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ግን በላቲን ፊደል፣ ብዙ ጊዜም ያለ ክፍተት ተጣብቀው ታገኟቸዋላችሁ።

ሪፖርቴ እምቢ አለ። ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ የወደቀው የትኛው ክፍል እንደሆነ ለዩ። ሪፖርት አንድ ፕሮግራም ይመስላል እንጂ አይደለም። ሪፖርቱ የሚነደፍበት ፕሮግራም አለ። ሪፖርቱን የሚያዘጋጅ ሰርቨር አለ። ተጠቃሚው በብራውዘር የሚያየው ፖርታል አለ። በቀጠሮ ሪፖርት የሚልክ ክፍል አለ። ከኋላ ዳታቤዙ፣ አንዳንዴም በመካከል ዳታውን የሚያሻግር ጌትዌይ አለ። እያንዳንዱ የራሱን ሎግ ይጽፋል። «ሎጉ ውስጥ ምንም የለም» የሚለኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የከፈተው የሌላውን ክፍል ሎግ ነው።

ለመለየት ብዙ አይከብድም። ፖርታሉ ራሱ ካልተከፈተ የፖርታሉን ሎግ እዩ። ፖርታሉ ተከፍቶ አንድ ሪፖርት ብቻ ካስቸገረ ወደ ሪፖርት ሰርቨሩ ሎግ ሂዱ። ከአንድ የዳታ ምንጭ የሚመጡ ሪፖርቶች ሁሉ አንድ ላይ ከወደቁ ጉዳዩ የግንኙነት ወይም የፓስወርድ ነው። በእጅ ሲከፈት የሚሠራ ሪፖርት በቀጠሮው ካልመጣ ችግሩ ቀጠሮውን የሚያስኬደው ክፍል ጋ ነው። እናንተ ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ ሰርቨሩ ላይ እምቢ ካለ ደግሞ ሰርቨሩ ዳታቤዙን በማን ስም እንደሚከፍት አጣሩ። እናንተ የምትገቡበት አካውንትና ሰርቨሩ የሚገባበት አካውንት ብዙ ጊዜ ይለያያሉ።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ኤረሩ የመጣበትን ሰዓት እስከ ደቂቃው ጻፉት። «ጠዋት አካባቢ» ከተባለ ሺህ መስመር ውስጥ መዳከር ነው። «3፡42 ላይ» ከተባለ ግን ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው። ሎጉ የሚጽፈው በሰርቨሩ ሰዓት መሆኑን አትርሱ። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) የሚሄድ ከሆነ የሰዓት ልዩነቱን አስሉ።

ሪፖርቱ ላይ የሚታየው ኤረር ዝርዝሩን አይነግረኝም። «ሪሞት ኤረርስን አብራ» ይለኛል። ምን ማለት ነው?

ይህ የማይክሮሶፍት ሪፖርቲንግ ሰርቪስስ ጠባይ ነው፤ በምህጻረ ቃል ኤስኤስአርኤስ የምንለው። ከሌላ ኮምፒውተር ሪፖርት ለሚከፍት ሰው ሰርቨሩ የኤረሩን ዝርዝር ሆን ብሎ ይደብቃል። የቴብልና የሰርቨር ስም ለማንም እንዳይታይ ነው። ያው ሪፖርት ሰርቨሩ ላይ በቀጥታ ቢከፈት ግን ዝርዝሩ ይታያል።

ድብቁን ማንሳት ይቻላል። በኤስኪውኤል ሰርቨር ማኔጅመንት ስቱዲዮ ከሪፖርት ሰርቨሩ ጋር ተገናኙ፣ ፕሮፐርቲስ ክፈቱ፣ አድቫንስድ ገጽ ላይ «ኢኔብል ሪሞት ኤረርስ» የሚለውን ትሩ አድርጉት። ለሙከራ ሰርቨር ጥሩ ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ሰርቨር ላይ ግን ባታበሩት እመርጣለሁ። ሙሉ ዝርዝሩ ሎጉ ውስጥ ተጽፎ እያለ ለተጠቃሚው ሁሉ ማሳየት ለምን?

የኤስኤስአርኤስ ሎግ ፋይል የት ነው ያለው?

ከ2017 ጀምሮ ባሉት ቨርዥኖች መንገዱ አጭር ነው። ሲ ድራይቭ፣ ፕሮግራም ፋይልስ፣ «ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ሪፖርቲንግ ሰርቪስስ»፣ ከዚያ «ኤስኤስአርኤስ»፣ ከዚያ «ሎግ ፋይልስ»። የፓወር ቢአይ (የማይክሮሶፍት ሌላው የሪፖርት ሶፍትዌር) ሪፖርት ሰርቨር ከሆነ «ማይክሮሶፍት ፓወር ቢአይ ሪፖርት ሰርቨር» የሚለው ውስጥ ግቡ፣ «ፒቢአይአርኤስ»ን ክፈቱ፣ እዚያም «ሎግ ፋይልስ» አለ።

በ2016 እና ከዚያ በፊት በነበሩት ግን ፎልደሩ ያለው በኤስኪውኤል ሰርቨር ፎልደር ውስጥ ነው። «ኤምኤስአርኤስ» ብሎ የሚጀምር፣ ቀጥሎ ቁጥር፣ ከነጥብ በኋላ የኢንስታንሱ (ሲጫን የተሰጠው) ስም ያለበት ፎልደር ፈልጉ። ቁጥሩ ለ2012 ቨርዥን 11፣ ለ2014 12፣ ለ2016 13 ነው። እሱ ውስጥ «ሪፖርቲንግ ሰርቪስስ»፣ ከዚያ «ሎግ ፋይልስ»። ከድሮው ቨርዥን ወደ አዲስ በተሸጋገረ ሰርቨር ላይ ሁለቱም ፎልደሮች ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። የፋይሎቹን ቀን አይታችሁ ዛሬ እየተጻፈበት ያለውን ያዙ።

ችግሩ ገና ሲጫን ከሆነ እዚህ አትፈልጉ። ከ2017 ወዲህ ያሉት ሲጫኑ የሚጽፉት ሎግ የጫነው ሰው ቴምፕ ፎልደር ውስጥ፣ «ኤስኤስአርኤስ» የሚባል ፎልደር ሥር ነው።

ፎልደሩ ውስጥ ፋይሉ ብዙ ነው። የቱን ልክፈት?

«ሪፖርት ሰርቨር ሰርቪስ» ብሎ የሚጀምረው የዋናው ሰርቨር ሎግ ነው። ሪፖርት ሲዘጋጅ የሚሆነው ሁሉ እዚያ ነው። በስሙ ውስጥ «ፖርታል» ያለው የድረ ገጹ ነው። ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቀንና ሰዓት ፋይሉ መቼ እንደተጀመረ ይነግራችኋል። ሰርቪሱ (ከጀርባ የሚሄደው የሪፖርት ሰርቨሩ ፕሮግራም) በተነሳ ቁጥር አዲስ ፋይል ይከፈታል። ከእኩለ ሌሊት በኋላም እንዲሁ። ስለዚህ ትናንት ማታ የተፈጠረን ችግር በዛሬው ፋይል ውስጥ አትፈልጉ።

ሎጉ ላይ ያለው መረጃ አልበቃኝም። እንዴት ከፍ አደርገዋለሁ?

የኤስኤስአርኤስ ሎግ ከመጀመሪያውም በርቶ ነው የሚመጣው። የሚቀየረው ምን ያህል ዝርዝር ይጻፍ የሚለው ነው። ልኩ «ሪፖርቲንግ ሰርቪስስ ሰርቪስ» በሚባለው የኮንፊግ (ሴቲንጎች የሚጻፉበት) ፋይል ውስጥ አለ። «ዲፎልት ትሬስ ስዊች» የሚለውን መስመር ፈልጉ። ከ0 እስከ 4 ይሰጣል። 0 ሎጉን ያጠፋዋል። 1 ኤረርና ሪስታርት ብቻ ይጽፋል። 2 ማስጠንቀቂያ ይጨምራል። 3 ላይ የሁኔታ መልእክቶች ይገባሉ፤ ሳይነካ የሚመጣው ይሄ ነው። 4 ሁሉንም ይጽፋል።

እዚያው ፋይል ውስጥ «አርኤስ ትሬስ» የሚል ክፍል አለ። እዚያ «ኮምፖነንትስ» የሚለው ዋጋ «ኦል»፣ ሁለት ነጥብ፣ 3 ሆኖ ይመጣል። ሁሉም ክፍል በደረጃ 3 ይጻፍ ማለት ነው። 3ቱን ወደ 4 ቀይሩት።

ከመንካታችሁ በፊት የፋይሉን ኮፒ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ፋይሉ ኤክስኤምኤል ነው። አንዲት ጥቅስ ብትጎድል ሰርቪሱ አይነሳም። ያኔ ሪፖርት ሳይሆን ሰርቨር ፍለጋ ትገባላችሁ። ኖትፓድንም «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብላችሁ ክፈቱት። ያለዚያ ሴቭ ማድረግ ይከለክላችኋል። ስትጨርሱ ሰርቪሱን ሪስታርት አድርጉ።

ደረጃ 4 ላይ ሎጉ በፍጥነት ያብጣል፣ ሰርቨሩም ተጨማሪ ሥራ ይሆንበታል። ስለዚህ አብሩ፣ ችግሩን አንድ ጊዜ ብቻ ድገሙት፣ ፋይሉን ኮፒ አድርጉ፣ ወዲያው ወደ 3 መልሱ። አንድ ጊዜ ብቻ የምለው ፋይሉ ንጹህ እንዲሆን ነው። አስር ጊዜ ከሞከራችሁ የአስሩ ሙከራ ጭቅጭቅ ይደባለቅባችኋል።

ሎጉን ከፈትኩት። ምኑን ላንብብ?

ሁሉንም አታንብቡ። የጻፋችሁትን ሰዓት ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ።

የኤስኤስአርኤስ ሎግ መስመር በቃለ አጋኖ ምልክት የተከፋፈለ ነው። መጀመሪያ የጻፈው ክፍል ስም ይመጣል፤ «ፕሮሰሲንግ» ወይም «ላይብረሪ» ወይም «ኢሜይል ኤክስቴንሽን» ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ አፕሊኬሽኑ፣ ከዚያ የትሬዱ (ሰርቨሩ ጎን ለጎን ከሚያስኬዳቸው ሥራዎች የአንዱ) ቁጥር፣ ከዚያ ቀንና ሰዓት። ከሰዓቱ በኋላ አንዲት የላቲን ፊደል ትቀመጣለች። «አይ» መረጃ፣ «ደብሊው» ማስጠንቀቂያ፣ «ኢ» ኤረር፣ «ቪ» ዝርዝር ማለት ነው። ከዚያ መልእክቱ። የትሬዱ ቁጥር ትልቅ ነገር ነው። ሃምሳ ሰው በአንድ ጊዜ ሪፖርት ሲከፍት መስመሮቹ ይቀላቀላሉ። በትሬድ ቁጥሩ ከፈለጋችሁ የአንዱን ተጠቃሚ ጉዳይ ለይታችሁ መከተል ትችላላችሁ።

ኤረሩ ጋ ስትደርሱ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብዙ አይጠቅምም። «የሪፖርቱ ዝግጅት ላይ ስህተት ተፈጥሯል» ይላል። ይህንንማ እናውቃለን። እውነተኛው ምክንያት ውስጥ ነው። በዶት ኔት ፕሮግራሞች ሦስት ሰረዝና ቀስት ያለበት ምልክት ፈልጉ። ከእያንዳንዱ ቀስት በኋላ ያለው ኤረር ከሱ በፊት ላለው ምክንያት ነው። የመጨረሻው ቀስት ቀጥሎ ያለው ሥሩ ነው። በጃቫ ፕሮግራሞች ደግሞ «ኮዝድ ባይ» ብለው የሚጀምሩ መስመሮች አሉ። የታችኛውን፣ የመጨረሻውን አንብቡ። ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ቁልጭ ያለ ነገር ታገኛላችሁ፦ የተሳሳተ ፓስወርድ፣ የሌለ ኮለም፣ ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ የቆየ ኳየሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ)።

ሪፖርቱ ኤረር የለውም፣ ግን በጣም ይዘገያል። ይህንስ ሎግ ይነግረኛል?

ይነግራችኋል። ለዚህ ጥያቄ ኤስኤስአርኤስ ያለውን ያህል ጥሩ መልስ ብዙ ቦታ አላየሁም። የምትፈልጉት ግን ፋይል ውስጥ ሳይሆን ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ሪፖርት ሰርቨሩ በራሱ ዳታቤዝ ውስጥ እያንዳንዱን የሪፖርት መክፈት ይመዘግባል። የምታነቡት «ኤክስኪውሽን ሎግ 3» ከሚባለው ቪው (እንደ ቴብል የሚነበብ ዝርዝር) ላይ ነው። ሪፖርቱን ማን እንደከፈተው፣ መቼ፣ በምን ፓራሜትር (ሲከፍት በመረጠው ማጣሪያ)፣ ስንት ረድፍ እንደመጣ፣ ውጤቱ ምን እንደሆነ ሁሉ አለው።

ዋናዎቹ ሦስት ኮለሞች ናቸው። አንዱ ዳታውን ለማምጣት የወሰደው ጊዜ ነው። ሁለተኛው ዳታውን ለማቀናበር። ሦስተኛው ሪፖርቱን ወደ ገጽ ወይም ወደ ኤክሴል ለመቀየር። ሁሉም በሚሊሰከንድ ነው፤ 1,000 ማለት አንድ ሰከንድ።

አንድ ቦታ ስሠራ አንድ ሪፖርት ሦስት ደቂቃ ገደማ ይፈጅ ነበር። ሁላችንም ዳታቤዙን ነው ያማነው። ኳየሪው ተጻፈ፣ ተፋቀ፣ ኢንዴክስ ተጨመረ። ለውጥ የለም። በመጨረሻ ይህንን ቪው ከፈትኩ። ዳታ ለማምጣት አራት ሰከንድ። ለማቀናበር ከዚያም ያነሰ። የቀረው ጊዜ በሙሉ ሦስተኛው ኮለም ላይ ተቀምጧል። ሪፖርቱን መልሰን ስናየው ከላይ ራስጌው ላይ «ገጽ 1 ከዚህ ያህል» የሚል ጽሑፍ ነበረው። ጠቅላላውን የገጽ ብዛት ለመጻፍ ሰርቨሩ መጀመሪያ ሪፖርቱን እስከ መጨረሻው ገጽ መከፋፈል አለበት። ሪፖርቱ ደግሞ ሺህ ገጾች ነበሩት። ጠቅላላ ብዛቱን አንስተን የገጹን ቁጥር ብቻ ስንተው ሪፖርቱ በሰከንዶች መከፈት ጀመረ። ያ ሁሉ የኳየሪ ልፋት ያለ ቦታው ነበር። ከዚያ ወዲህ «ይዘገያል» ሲባል ሦስቱን ቁጥሮች ሳላይ ምንም አልነካም።

ባዶ ሆኖ የሚመጣ ሪፖርትም እዚህ ይያዛል። የረድፍ ብዛቱ 0 ከሆነ ፓራሜትሩን እዩት፤ ተጠቃሚው ምን መርጦ እንደነበር ተጽፏል። «ሶርስ» የሚለው ኮለም ደግሞ ሪፖርቱ አዲስ ተሠርቶ ይሁን ከካሽ ወይም ከስናፕሾት (ቀድሞ ከተቀመጠ ቅጂ) የመጣ ይነግራችኋል። «ዛሬ ያስገባሁት ዳታ አይታይም» ለሚል ቅሬታ መልሱ ብዙ ጊዜ ይሄ ኮለም ላይ ነው።

መዝገቡ ካልተቀየረ በቀር 60 ቀን ብቻ ይቆያል። ዓመታዊ ማነጻጸሪያ የምትፈልጉ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ወደ ራሳችሁ ቴብል ገልብጡት።

በቀጠሮ በኢሜይል መምጣት የነበረበት ሪፖርት አልመጣም። ሎጉ ላይም ምንም የለም።

«ምንም የለም» ራሱ መልስ ነው። ኤስኤስአርኤስ ቀጠሮውን የሚቀሰቅሰው በኤስኪውኤል ሰርቨር ኤጀንት፣ ሥራዎችን በሰዓታቸው በሚያስነሳው ሰርቪስ ነው። ኤጀንቱ ከቆመ ሪፖርት ሰርቨሩ ጭራሽ አይቀሰቀስም። ያልሰማውን ነገር ደግሞ ሎግ ላይ አይጽፍም። ስለዚህ መጀመሪያ ኤጀንቱ መነሳቱን አረጋግጡ፣ ቀጥሎ የጆቡን (ኤጀንቱ የሚያስነሳውን ሥራ) ታሪክ እዩ። የጆቦቹ ስም ረጅም የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ነው፤ አትደናገጡ፣ የቀጠሮው መለያ ነው።

ጆቡ በትክክል ከሄደ ወደ ሎግ ፋይሉ ተመለሱና «ኢሜይል ኤክስቴንሽን» የሚል ፈልጉ። የኢሜይል ሰርቨሩ እምቢ ካለ ምክንያቱ እዚያ አለ።

ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ ላይ ሎግ እንዴት ይበራል?

እዚህ ዝርዝሩን ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ። ፋይል፣ «ኦፕሽንስ ኤንድ ሴቲንግስ»፣ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ዳያግኖስቲክስ። «ኢኔብል ትሬሲንግ» ላይ ምልክት አድርጉ። የትሬስ ፎልደሩን የሚከፍት ሊንክም እዚያው ስላለ መንገዱን መሸምደድ አያስፈልግም። ፎልደሩ ውስጥ በስማቸው «ማሽአፕ» ያለባቸው ፋይሎች ዳታውን የሚያመጣው ክፍል የሚጽፋቸው ናቸው። ዳታ ሪፍሬሽ (ዳታውን ማደስ) ላይ ከተቸገራችሁ ከእነሱ ጀምሩ።

ዴስክቶፑ ላይ ሠርቶ ኦንላይን ሪፍሬሹ ካልሠራ ጌትዌዩን ጠይቁ። የጌትዌዩን ፕሮግራም ከፍታችሁ ዳያግኖስቲክስ ውስጥ «አዲሽናል ሎጊንግ»ን አብሩ፣ አፕላይ በሉ፣ ችግሩን ድገሙ፣ «ኤክስፖርት ሎግስ» በሉ። ሁሉንም ሰብስቦ በአንድ ዚፕ ፋይል ይሰጣችኋል። ስትጨርሱ ማጥፋት አትርሱ።

ጃስፐር ሪፖርትስስ?

ጃስፐር በጃቫ የተሠራ የሪፖርት ሶፍትዌር ነው። ሁለት ነገር አትቀላቅሉ። ጃስፐር ሪፖርትስ ሰርቨር የራሱ ሎግ ፋይል አለው፦ አፕሊኬሽኑ በተጫነበት፣ «ዌብ ኢንፍ» ፎልደር ውስጥ፣ «ሎግስ» ሥር፣ «ጃስፐር ሰርቨር» በሚል ስም። ደረጃውን በአድሚን ገብታችሁ «ማኔጅ»፣ «ሰርቨር ሴቲንግስ»፣ «ሎግ ሴቲንግስ» ላይ ትቀይራላችሁ። ዘላቂ ለውጥ ከፈለጋችሁ እዚያው «ዌብ ኢንፍ» ውስጥ ያለውን የሎግ ፎር ጄ (የጃቫ ሎግ መጻፊያ) ፋይል አስተካክሉ።

የጃስፐር ላይብረሪን በራሳችሁ ጃቫ አፕሊኬሽን ውስጥ ከተጠቀማችሁ ግን የራሱ ሎግ ፋይል የለውም። የሚጽፈው የእናንተ አፕሊኬሽን ሎግ በሚሄድበት ነው። ሪፖርቱ ወደ ዳታቤዝ የላከውን ኳየሪ ማየት ስትፈልጉ «ጄአር ጄዲቢሲ ኳየሪ ኤክስኪውተር» የተባለውን ክላስ ሎገር ወደ ዲበግ (ወደ ዝርዝር ደረጃ) አንሱት። ኳየሪው ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ኮፒ አድርጋችሁ ዳታቤዙ ላይ በቀጥታ ሞክሩት፤ ጥፋቱ የሪፖርቱ ይሁን የኳየሪው ወዲያው ይለያል።

በርትን የምጠቀም ሰውስ?

በርትም በጃቫ የተሠራ የሪፖርት ሶፍትዌር ነው። በዌብ ቪውወሩ (ሪፖርቱን በብራውዘር በሚያሳየው ክፍል) ከሆነ «ዌብ» በሚባለው የኤክስኤምኤል ፋይል ውስጥ ሁለት ሴቲንጎች አሉ። አንዱ የሎጉን ፎልደር፣ ሌላው ደረጃውን ይወስናል። ደረጃዎቹ የጃቫ የራሱ ናቸው፤ ከ«ሲቪር» ተነስተው እስከ «ፋይኔስት» ይደርሳሉ። ኢንጅኑን ከኮድ የምታስነሱ ከሆነ ኢንጅን ኮንፊግ ላይ ፎልደሩንና ደረጃውን በአንድ መስመር ትሰጡታላችሁ። የፋይሉ ስም «ሪፖርት ኢንጅን» ብሎ ይጀምርና ቀንና ሰዓት ያስከትላል።

ሎግ ዲስኩን እየሞላብኝ ነው።

አንድ ሰው ዝርዝሩን አብርቶ ረስቶት ይሆናል፤ መጀመሪያ እሱን አጣሩ። ኤስኤስአርኤስ ሳይነካ ሲመጣ የአንድ ፋይል መጠን ገደብ 32 ሜጋባይት ነው፣ ፋይሎቹንም 14 ቀን ያቆያል። ሁለቱም እዚያው «አርኤስ ትሬስ» ክፍል ውስጥ ይቀየራሉ። እየተጻፈበት ያለውን ፋይል በእጅ አታጥፉ።

ሎጉን ለድጋፍ ሰጪዎች ልልክ ነው። መጠንቀቅ ያለብኝ ነገር አለ?

አለ፣ በጣም። ሎግ ውስጥ የተጠቃሚ ስም ይኖራል። የሰርቨር ስም ይኖራል። ፓራሜትሮችም ይኖራሉ፤ ፓራሜትር ማለት የታካሚ ቁጥር ወይም የሠራተኛ መለያ ሊሆን ይችላል። በዝርዝር ደረጃ ላይ ኳየሪው እንዳለ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሙሉ ፎልደሩን ዚፕ አድርጋችሁ አትላኩ። ችግሩ ከተፈጠረበት ሰዓት አምስት ደቂቃ በፊትና በኋላ ያለውን ብቻ ቁረጡ። «ፓስወርድ» ብላችሁ ፈልጉበት። የሰው ስምና መለያ ቁጥር በሌላ ቃል ተኩ። ሰው አምኖ የሰጠው መረጃ ነው።

ሁሉንም አድርጌያለሁ። ሎግ ፋይሉ ጭራሽ አይፈጠርም።

የፈቃድ ጉዳይ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ሎጉን የሚጽፈው እናንተ አይደላችሁም፤ ሰርቪሱ የሚሄድበት አካውንት ነው። ሎጉን ወደ ሌላ ድራይቭ ያዞረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ለዚህ አካውንት በአዲሱ ፎልደር ላይ የመጻፍ ፈቃድ መስጠትን ነው። ቀጥሎ ፎልደሩ በእርግጥ መኖሩን እዩ። አንዳንድ ፕሮግራም የሌለ ፎልደር አይፈጥርም፣ ዝም ብሎ ያልፋል። ከዚያ ያስተካከላችሁት የኮንፊግ ፋይል ሰርቪሱ የሚያነበው ትክክለኛው ፋይል መሆኑን አረጋግጡ። የዊንዶውስ ሰርቪሶች መስኮት ላይ ሰርቪሱን ከፍታችሁ የሚነሳበትን መንገድ ብታዩ ፎልደሩን ይነግራችኋል።

ሰርቪሱ ራሱ አልነሳ ካለም ሎግ ሊከፍት አይችልም። ያኔ የዊንዶውስ ኢቨንት ቪውወርን ክፈቱ፣ «አፕሊኬሽን» የሚለውን ምረጡ፣ ሰርቪሱን ለማስነሳት የሞከራችሁበትን ደቂቃ ፈልጉ።